ሽታ የሌለውን ጋዝ ብርሃን ሲያገኘው

እናቴ ወጥ ቤት ስትገባ መጀመሪያ አየሩን ታሸታለች። «ጋዙ እንዳያፈስ» ትላለች። እኔም ፊዚክስ እስክማር ድረስ ሽታው የጋዙ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ለጥንቃቄ ተብሎ የሚጨመር ነው! የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴንም ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ታዲያ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ውስጥ፣ በምን ይታወቃል?

በ1776 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ማጆሬ ሐይቅ ዳር ከረግረጉ የሚወጣውን አረፋ ሰብስቦ አቀጣጠለው። ነደደ፤ ሚቴን ነበር። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ መኖሩ ግን የታወቀው በ1948 ነው። ቤልጂየማዊው ማርሴል ሚዦት የፀሐይን ብርሃን ሲተነትን፣ ዓይን የማያያቸው አንዳንድ ጨረሮች ጎድለው አገኛቸው። መንገድ ላይ ሚቴን ውጧቸው ኖሯል።

በ1960 ደግሞ ቴህራን የተወለደው ዓሊ ጃቫን ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ የመጀመሪያውን የጋዝ ሌዘር በሂሊየምና በኒዮን ሠራ። ይህ የሌዘር ዓይነት 3.39 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረርም እንደሚሰጥ ቆይቶ ታወቀ። የሚገርመው፣ ሚቴን አጥብቆ ከሚውጣቸው ጨረሮች አንዱ ይኸው ነው። ማንም አላቀደውም፤ ተገጣጠመ። ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጨረሩን በአየር ውስጥ ትልካላችሁ፣ ምን ያህል እንደጎደለ ትለካላችሁ፤ ጉድለቱ የሚቴኑን መጠን ይናገራል።

ይሄ ሁሉ ምን ይጠቅማል? በኦክቶበር 2015 ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ አሊሶ ካንየን በተባለው የመሬት ውስጥ የጋዝ ማከማቻ አንድ ጉድጓድ ማፍሰስ ጀመረ። ነዋሪዎቹ «ሸተተን፣ አመመን» አሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። አፍንጫ ግን ስንት ቶን እንደወጣ አይናገርም። በኖቬምበር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን የሌዘር መለኪያ ጭና በረረች። መለኪያው አየሩን ስቦ፣ በመስተዋቶች መካከል የሚመላለሰው ብርሃን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጠፋ ይለካል። ጉድጓዱ በፌብሩዋሪ 2016 እስኪደፈን ድረስ 97,000 ቶን ያህል ሚቴን እንደወጣ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። የሰዎቹ አቤቱታ ቁጥር አገኘ።

ሚቴን በ20 ዓመት ሲታሰብ፣ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ በላይ ምድርን ያሞቃል። አየር ላይ የሚቆየው ግን 12 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተደፈነ ቀዳዳ ጥቅሙ እናንተ ሳታረጁ ይታያል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። «እሺ፣ መስኮቱን ክፈት» አለችኝ። ከፈትኩ። እሷም ልክ ናት፤ መጀመሪያ የሚነቃ ሰው ከሌለ፣ ሌዘሩን ወዴት እናዞረዋለን?