የድምፅ አውታር ሽባነት

የድምፅ አውታር ሽባነት በማንቁርት ውስጥ ካሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች አንዱ ወይም ሁለቱም መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው የሚፈጠር የጤና ችግር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አውታሮቹን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ሲጎዱ ነው። አውታሮቹ ስንተነፍስ ይከፈታሉ፤ ስንናገርና ስንውጥ ደግሞ ይገጥማሉ። ስለዚህ ጉዳቱ ከድምፅ በተጨማሪ አተነፋፈስንና አዋዋጥን ይነካል።

የነርቮቹ መንገድ

ማንቁርትን የሚያዘው ከአንጎል ግንድ የሚነሳው 10ኛው የራስ ቅል ነርቭ (ቬገስ) ነው። ከእርሱ በቀኝም በግራም ሁለት ሁለት ቅርንጫፎች ይወጣሉ።

የላይኛው የማንቁርት ነርቭ ከድምፅ አውታሮች በላይ ላለው ክፍል ስሜት ይሰጣል፤ ድምፅ እንዲቀጥን አውታሩን የሚወጥረውንም ጡንቻ ያዛል።

ተመላሹ የማንቁርት ነርቭ የቀሩትን ጡንቻዎች ያንቀሳቅሳል። ስሙን ያገኘው ቁልቁል ወርዶ ወደ ላይ ስለሚመለስ ነው። የግራው ደረት ውስጥ ገብቶ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ (አኦርታ) ዞሮ ይመለሳል። የቀኙ ወደ ቀኝ ክንድ የሚሄደውን ደም ቅዳ ከአንገት ሥር ዞሮ ስለሚመለስ አጭር ነው። ሁለቱም ወደ ማንቁርት ሲወጡ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ያልፋሉ። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋሌን ይህ ነርቭ ሲቆረጥ አሳማ መጮህ እንደሚያቆም አሳይቷል።

መንስኤዎች

የግራው ነርቭ መንገድ ረጅም በመሆኑ የደረት በሽታዎች በቀላሉ ያገኙታል። የሳንባ ካንሰር፣ በሳንባ ነቀርሳ ያበጡ ንፍፊቶች፣ የአኦርታ እብጠት ወይም በሩማቲክ የልብ በሽታ የሰፋ ልብ ሊጫነው ይችላል። የቫይረስ ሕመምም ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

ሌላው ዋና መንስኤ የአንገት ቀዶ ሕክምና፣ በተለይም የታይሮይድ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች አፈሩ አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረትም ይህን ያስታውሳል። ትልቅ እንቅርት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ሐኪሙ ነርቩን ፈልጎ ለይቶ ይጠብቀዋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አውጥቷል። እንቅርትን መከላከል ለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚዳረጉ ሰዎችንም ይቀንሳል።

ምልክቶች

አንዱ አውታር ብቻ ሽባ ሲሆን ድምፅ ይሻክራል፣ ይደክማል፣ ትንፋሽ ይበዛበታል፤ ውኃ ሲጠጣም ትን ይላል። ሁለቱም ሽባ ሲሆኑ ግን ድምፁ ደኅና መስሎ የአየር መንገዱ ሊጠብ ይችላል። ሲተነፍሱ ሲር የሚል ድምፅ ከተሰማ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል።

ምርመራና ሕክምና

የአንገት በላይ ሐኪም በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ የአውታሮቹን እንቅስቃሴ ያያል። መንስኤውን ለማግኘት አንገትና ደረት በሲቲ ስካን ይነሣሉ።

ያልተቆረጠ ነርቭ በወራት ውስጥ ሊያገግም ይችላል፤ እስከዚያው የድምፅ ልምምድ ይሰጣል። ካላገገመ ሽባው አውታር በመርፌ በሚሰጥ መሙያ ወይም በቀዶ ሕክምና ወደ መሃል ይጠጋል፤ ጤነኛው አውታርም ይገጥመዋል። ሁለቱም ሽባ ከሆኑ ለመተንፈሻ በአንገት በኩል ቀዳዳ ማበጀት ሊያስፈልግ ይችላል።

የድምፅ መሻከር ከጉንፋን ብቻ ስለማይመጣ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ መመርመር አለበት።