ፊትን ማዞር የማይቻልበት ቦታ፦ የጎጂ ምርቶች ማስታወቂያ በሕዝብ ማመላለሻ

የሲጋራ ማስታወቂያ ከአውቶቡስና ከባቡር የወጣበት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከሳንባ ካንሰር ጥናቶች ተነሥቶ ነው። ክርክሩ ግን ከጥናቶቹ ይቀድማል። በ1932 (ዘመኑ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነ አንድ ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። ፓከር የተባለ የማስታወቂያ ድርጅት በዩታ ግዛት፣ በሶልት ሌክ ከተማ፣ በራሱ ይዞታ ላይ ባቆመው ሰሌዳ የቼስተርፊልድ ሲጋራን ማስታወቂያ በመለጠፉ ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ። የግዛቲቱ ሕግ በመንገድ ዳር ሰሌዳና በከተማ ባቡር ላይ የትምባሆ ማስታወቂያ መስቀልን ይከለክል ነበር፤ ጋዜጣንና መጽሔትን ግን አይነካም። ድርጅቱም ለጋዜጣው የተፈቀደው ለእርሱ ስለምን እንደሚከለከል በመጠየቅ ሕጉ አድሏዊ ነው ሲል ተከራከረ።

የፍርድ ቤቱን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ ክርክሩን አልተቀበሉትም። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ገዝቶና ገልጦ ነው፤ ሬዲዮም ይዘጋል። በመንገድ ላይ የሚሄደው ወይም በከተማ ባቡር የተሳፈረው ሰው ግን፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ ፈልጎ ሳይሆን ሳይጠየቅ ማስታወቂያውን እንዲያይ ይገደዳል። ልዩነቱ እውነተኛ ስለሆነ ሕጉ ጸና።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ስለ ሳንባ የተነገረ ነገር የለም። ሊኖርም አይችልም ነበር፤ በእንግሊዝ የዶልና የሂል፣ በአሜሪካ የዊንደርና የግራሃም ጥናቶች የታተሙት በ1950 ነው። ዩታ ትምባሆን በሃይማኖታቸው የሚከለክሉ ሞርሞኖች በብዛት የሚኖሩባት ግዛት በመሆኗ የሕጉ መነሻ ይበልጡን የሥነ ምግባርና የወጣቶች ጉዳይ ነበር። በአንጻሩ የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ከፍርዱ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1933፣ የሲጋራ ማስታወቂያ ማተም ጀምሮ እስከ 1953 ቀጥሎበታል። ሕጉ ከባቡር ያስወጣውን ነገር ሐኪሞች በራሳቸው ገጽ ሃያ ዓመት አስተናግደውታል፤ ይህ ለሙያው የሚያኮራ ምዕራፍ አይደለም።

ሬዲዮ ይዘጋል የተባለውም ብዙ አልቆየም። በዋሽንግተን ከተማ በተሽከርካሪዎች ውስጥ ድምፅ ማጉያ ተተክሎ ሙዚቃና ማስታወቂያ ለተሳፋሪው ይለቀቅ ጀመር። በ1952 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ፈቀደ። ዳኛ ፊሊክስ ፍራንክፈርተር ግን እርሳቸውም የዚሁ ድምፅ ሰለባ ስለሆኑና ስሜታቸው ስለተነካ ከጉዳዩ ራሳቸውን አገለሉ። ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ደግሞ ተሳፋሪው ከወንበሩ የማያመልጥ አድማጭ መሆኑን ገልጸው ተቃወሙ።

ይኸው የማያመልጠው ተሳፋሪ በ1974 ባልታሰበ መንገድ ተመልሶ መጣ። በኦሃዮ ግዛት፣ ለግዛቲቱ ምክር ቤት ይወዳደሩ የነበሩት ሃሪ ሌህማን፣ ሼከር ሃይትስ የተባለችው ከተማ በምታስተዳድረው የባቡር አገልግሎት ውስጥ የምርጫ ማስታወቂያ እንዲሰቀልላቸው ጠይቀው ተከለከሉ። ፍርድ ቤቱም በአምስት ለአራት ድምፅ ክልከላውን አጸና። ከተማዋ ግን የሲጋራና የመጠጥ ኩባንያዎችን ማስታወቂያ ትቀበል ነበር። ተሳፋሪውን ለመጠበቅ የተነሣው አስተሳሰብ እጩውን ከልክሎ ሲጋራውን አሳለፈ ማለት ነው። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም የሲጋራን አደገኝነት በይፋ ካስታወቁ አሥር ዓመት አልፎ ነበር።

ይሁንና ይህ ፍርድ ለጤና ጠባቂዎች አንድ መሣሪያ ትቶላቸዋል፤ የማመላለሻው ባለቤት በተሽከርካሪው ላይ የሚለጠፈውን የመምረጥ ሰፊ ሥልጣን እንዳለው አረጋግጧል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ1976 ወዲህ የንግድ ማስታወቂያ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጥበቃ ስላገኘ በቀጥታ በሕግ መከልከል አስቸጋሪ ሆኗል፤ ማሳቹሴትስ በትምህርት ቤቶች አካባቢ የትምባሆ ማስታወቂያን ለማገድ ያወጣችው ደንብ በ2001 በዋና ዋና ክፍሎቹ ተሽሯል። የኒው ዮርክ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ግን በ1992 የትምባሆ ማስታወቂያን በራሱ ውሳኔ አቆመ። በመላ አገሪቱ ከሞላ ጎደል የጠፋው ደግሞ በ1998 ትልልቆቹ የትምባሆ ኩባንያዎች ከ46 ግዛቶች ጋር በተፈራረሙት የዕርቅ ስምምነት ነው፤ የመንገድ ሰሌዳና የማመላለሻ ማስታወቂያ በስምምነቱ በስም ተጠቅሶ ታግዷል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አባል አገሮች፣ ሕገ መንግሥታቸው እስከፈቀደ ድረስ፣ የትምባሆ ማስታወቂያን ሙሉ በሙሉ እንዲያግዱ ያዛል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ተቀብላለች፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ማንኛውንም የትምባሆ ማስታወቂያ ይከለክላል። በእኛ አገር አውቶቡስ ላይ ለሲጋራ ማስታወቂያ ሕጋዊ ቦታ የለም ማለት ነው።

ለአልኮልና ለጎጂ ምግቦች ይህን የመሰለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ስለሌለ ሥራው በከተሞች ትከሻ ላይ ወድቋል። ኒው ዮርክ የአልኮል ማስታወቂያን ከ2018 መግቢያ ጀምሮ ከባቡርና ከአውቶቡስ አስወጣች። ለንደን በየካቲት 2019 ስብ፣ ጨውና ስኳር የበዛባቸውን ምግቦችና መጠጦች ማስታወቂያ ከትራንስፖርት መረቧ ከለከለች። በ2022 የታተመ ጥናት የለንደንን ቤተሰቦች ግዢ ከሰሜን እንግሊዝ ጋር አነጻጽሮ፣ አንድ ቤተሰብ በሳምንት ከእነዚህ ምርቶች የሚገዛው ኃይል፣ ክልከላው ባይኖር ይጠበቅ ከነበረው በ1000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ማለትም በ6.7 በመቶ፣ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። አስቀድሞ የተፈራው የማስታወቂያ ገቢ መቀነስም በመጀመሪያው ዓመት አልታየም።