ስም የሌለው ካራ

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ከገባ ሃያ ዓመት ሊደፍን ነው። ታክሲ መንዳቱን፣ ሁለት ሥራ መሥራቱን፣ የቤት ዕዳ መክፈሉን ሁሉ ለምደንለታል። አዳኝ ይሆናል ብለን ግን አልጠበቅንም ነበር። አንድ ኅዳር ላይ በውድቅት ሌሊት ደወለና፣

«ጋሼ፣ አጋዘን ጥዬ መጣሁ እኮ!» አለኝ።

«አበጀህ» ከማለቴ ከበስተኋላው የአክስቴ ድምፅ ተሰማኝ። «ማን ባርኮ አረደው? እስቲ ጠይቀው!» ትላለች። የአክስቴ ጭንቀት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥይት የገደለውን ክርስቲያን ይበላዋል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። እዚያ አገር የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኖቬምበር አጋማሽ፣ ማለትም ኅዳር በገባ በሳምንቱ ገደማ ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ያን ሁሉ ሥጋ በሳምንት ማን ይጨርሰዋል? ሥጋው እስከ ገና በረዶ ሆኖ እንዲቆይ ተፈረደበት።

ለነገሩ «አጋዘን» ያልነው ቃል ቸግሮን ነው። እኛ አገር አጋዘን የምንለው ቀንደ ጠምዛዛ እንስሳ የድኩላ ዘመድ ሲሆን፣ ቀንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። የአሜሪካኑ ቀንዱን በየዓመቱ አራግፎ እንደገና የሚያበቅል፣ የጅራቱ ሥር ነጭ የሆነ ሌላ ዘር ነው። የእሱ ወገን በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜን ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ በኩል ብቻ ነው። ይሁን፤ አጋዘን እንበለውና እንቀጥል።

በዓመቱ ልጁ ለእረፍት አዲስ አበባ መጣና አንድ ቢላዋ በስጦታ አመጣልኝ። ከሰገባው ሳወጣው ሳቄ መጣ። ስለቱ አሥር ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ እጀታው ደግሞ እንደ ብርቱካን የደመቀ። «ይኼ እኮ ሽንኩርት መክተፊያ ነው!» አልኩት። እሱም ሳቀ። መጀመሪያ እሱም እንደኔ አስቦ ክንድ የሚያህል ካራ ገዝቶ ሄዶ ኖሮ፣ አብረውት የሚያድኑ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ «ዝሆን ልታርድ ነው?» ብለው ቀልደውበታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። አጋዘኑ እንደወደቀ እዚያው ጫካ ውስጥ ሆዱ ተከፍቶ ሆድ ዕቃው መውጣት አለበት። ካልሆነ የሰውነቱ ሙቀት ሥጋውን ያበላሸዋል። ሲከፈት ታዲያ ጨጓራው ወይም ፊኛው ከተበሳ የሚፈሰው ነገር ሥጋውን ያጠፋዋል። ስለዚህ የሚፈለገው ትልቅ ቢላዋ ሳይሆን ጣት የሚመራው ቢላዋ ነው። ስለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ቆዳው ዞሮ፣ ሁለት ጣት በግራና በቀኝ ሆኖ ሆድ ዕቃውን ወደ ታች እየተጫነ ቆዳውን ብቻ እንዲከፍት ነው። ጫፉም ሽቅብ የተቀሰረ ሳይሆን ከጀርባው ወደ ታች ዘንበል ያለ ይሻላል፤ ባልታሰበበት አይወጋም። ይህንን ዓይነት ጫፍ ለአዳኞች ያስለመደው ቦብ ላቭሌስ የሚባል አሜሪካዊ ቢላዋ ሠሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሞተ ሰው ነው። የሚታጠፈው ሰንጢ ለኪስ ቢመችም ማጠፊያው ውስጥ ደምና ፀጉር ስለሚገባበት ማጽዳቱ መከራ ነው። የማይዝገው ብረት ለእርጥበት ደህና ነው፤ የሚዝገው ደግሞ ድንጋይ ላይ ቶሎ ይሳላል። እጀታው የሚደምቀው ቅጠል ውስጥ ሲወድቅ እንዳይጠፋ ነው። የደነዘ ቢላዋ ከስሉ ይልቅ ባለቤቱን ይቆርጣል፤ ጉልበት ስለሚያስጨምር አንሸራቶ እጅ ላይ ያርፋል።

ይህንን ሁሉ ሲያስረዳኝ እኔ የማስበው ስለ እኛው እርድ ነበር። የቅርጫ በሬ ሲጣል አንድ ቢላዋ ሁሉን አይሠራም። ለማረጃው ካራ አለ። ለገፈፋው ሆዱ የጎበጠ አጠር ያለ ቢላዋ፣ ለአጥንቱ መጥረቢያ አለ። ሻኛውን፣ ዳቢቱን፣ ሽንጡን፣ ፍሪምባውን ለይቶ የሚበልት እጅ ደግሞ ለብቻው ነው። ዛሬ ግን ባገኘው ሹል ቢላዋ የሚገፍ ብዙ ነው። የቆዳ ፋብሪካዎቻችን ከሚያማርሩባቸው ነገሮች አንዱ በገፈፋ ጊዜ የተበሳና የተጫረ ቆዳ ነው። የአንድ በሬ ቆዳ በአንድ ግድየለሽ እጅ ዋጋውን ያጣል።

ቢላዋ መምረጥ ደግሞ የትናንት ነገር እንዳይመስላችሁ። በአፋር ጎና በሚባለው ቦታ ዶክተር ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳወቋቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ወደ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላቸው። እኔን የሚገርመኝ ዕድሜያቸው ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ በዚያን ዘመን ወንዞች ዳር የነበረውን ጠጠር ሁሉና ለመሣሪያነት የተወሰደውን ድንጋይ ሲያነጻጽሩ፣ ሠሪዎቹ ያገኙትን ሳይሆን የተሻለውን እየመረጡ ይወስዱ እንደነበር አዩ። ገና ሰው ሳንባል ገበያ ወጥተን ቢላዋ እናማርጥ ነበር ማለት ነው!

ከዚያው ከአዋሽ ሸለቆ፣ ቡሪ ከሚባለው ስፍራ ደግሞ ዶክተር ብርሃነ አስፋውና ጓደኞቻቸው የ2.5 ሚሊዮን ዓመት አጥንቶች እ.ኤ.አ. በ1999 አስታውቀዋል። አንዱ አጋዘን መሰል እንስሳ የመንጋጋ አጥንት ነው። በውስጠኛው ጎኑ የስለት ጭረት አለበት፤ ምላስ ሲወጣ የሚቀር ዓይነት ጭረት። ሌላው የእግር አጥንት ቅልጥሙ እንዲወጣ በድንጋይ ተመትቷል። በአካባቢው ለመሣሪያ የሚሆን ድንጋይ እምብዛም ስለሌለ፣ ባለቤቶቹ ስለታቸውን ከሌላ ቦታ ይዘው መጥተው ይዘው እንደሄዱ ይገመታል። ሰገባ አልነበራቸውም እንጂ ቨርጂኒያ ካለው የአክስቴ ልጅ ብዙም አይለዩም። «ድንጋይ ምን ይቆርጣል?» ለሚል፣ ኒኮላስ ቶትና ካቲ ሺክ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በተፈጥሮ የሞተ ዝሆን ቆዳ በድንጋይ ስባሪ ገፈው አሳይተዋል።

ቡናችንን እየጠጣን ይህንን ስተርክለት ልጁ ድንገት፣ «የአባባ ካራስ የት ደረሰ?» አለኝ።

ካራው እኔ ዘንድ ነው። ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩት። በጆንያ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ስለቱ በመሳል ብዛት መሐሉ ጎድጉዷል፤ እጀታው ቀንድ ነው። ልጁ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ እያገላበጠ ያየዋል፤ በጥፍሩ ይነካዋል። የሆነ ነገር የሚፈልግ ይመስላል።

«ምን ጠፋብህ?»

«ስሙ። ሠሪው ስሙን የት ላይ ነው የጻፈው?»

እዚያ አገር ቢላዋ በእጁ የሚሠራ ሰው ስሙን ብረቱ ላይ ይመታል። የላቭሌስን ስም የያዘ ቢላዋ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል፤ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። ልጁ ይህንን ስለለመደ ነው የጠየቀው። እኔ ግን አፌ ተሳሰረ።

ካራውን የሠራውን ሰው አውቀዋለሁ። ደምቢያ፣ አያታችን ቤት ያደግሁ ጊዜ ነው። ከመንደራችን ወንዝ ተሻግሮ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረ። እኛ እንዲህ ብለን አንጠራቸውም ነበር፤ የምንጠራበትን ስም አሁን አልደግመውም። ሰውዬው ቀጥቃጭ ነው። ልጁ ወናፉን ይነፋል፣ እሱ በጉጠት የያዘውን የጋለ ብረት መስፉ ላይ አድርጎ ይቀጠቅጣል። እስኪቀላ ያግለውና ውሃ ውስጥ ሲነክረው የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ያንን ካራ ከመኪና ባሌስትራ ነው ያወጣው። ባሌስትራ ለዚህ የታደለ ብረት ነው፤ ሲነከር ይጠነክራል፣ ስለት ይይዛል። ባሌስትራውን አያቴ ከጎንደር በአህያ አስጭነው እንዳመጡት ይነገር ነበር።

ሰውዬው አያቴን በዕድሜ ይበልጣል። እሱ አያቴን «እርስዎ» ይላል፤ አያቴ እሱን «አንተ» ይሉታል። እኔ የሰባት ዓመት ውርጋጥም «አንተ» እለው ነበር። ማረሻ ሊያደርስ ወይም ዋጋውን እህል ሊወስድ ሲመጣ ከደጅ ይቆማል። አያቴ፣ ሴቷን ማለቴ ነው፣ ነጠላቸውን ፊቴ ላይ ጣል ያደርጉብኛል። ዓይኑ እንዳይበላኝ ነው። ሌሊት ጅብ እንደሚሆን ደግሞ መንደሩ ሁሉ «ያውቃል»። እኔም በበኩሌ ጅብ በጮኸ ቁጥር እሱን ነበር የማስበው።

እሱም ቢሆን ከእኛ ጋር ማዕድ አይቀርብም። ሕጋቸው አይፈቅድላቸውም። ክርስቲያን የነካቸው እንደሆነ ታጥበው ነው ወደ ቤታቸው የሚገቡት። በሠራው ካራ የታረደውን በሬ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም። ይህ ግን የሁለታችንን ነገር እኩል አያደርገውም። እሱ በእምነቱ ከእኛ ይርቃል እንጂ እኛን ጅብ ናችሁ ብሎ መሬት አልከለከለንም። የታሪክ ሰዎች እንደሚጽፉት የቤተ እስራኤል ሰዎች ወደ ብረቱና ወደ ሸክላው የተገፉት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የርስት መብታቸውን እያጡ ሲሄዱ ነው። መሬት የሌለው በእጁ ይኖራላ! በእጁ ስለኖረ ደግሞ «ባለ እጅ» ብለን ሰደብነው። ቃሉ ሲሰማ እኮ ሙገሳ ነው የሚመስለው። በሸዋም በጎጃምም ክርስቲያኑ ቀጥቃጭ ከዚህ አላመለጠም። በኦሮሞ ቱምቱው፣ በጋሞ ደጋላው ተመሳሳይ ዕጣ ነበረው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንደሰደበ የሚቆጠረው ንጉሡን ነው፤ ይታሰራልም የሚል ነው። መልካም አዋጅ ነው። አዋጁ ከተነገረ ስልሳ ምናምን ዓመት በኋላ ግን ደምቢያ ውስጥ ነጠላ ፊቴ ላይ ይጣልብኝ ነበር። ደግሞም ንጉሡ የከለከሉት ስድቡን ነው፤ ካራውን ከተቀበሉ በኋላ የሠሪውን ስም መርሳትን ማን በአዋጅ ይከለክላል? በልጅነቴ ብዙ ፉከራ ሰምቻለሁ። አንበሳ የገደለ፣ ጎሽ የጣለ ራሱን፣ ፈረሱን፣ አባቱን ይጠራል። ጦሩን የሠራለትን ሰው ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

የዚህ ነገር ሌላኛውን ጫፍ ኮንሶ ውስጥ ታገኙታላችሁ። በዚያ ቆዳ የሚፍቁት ሴቶች ብረት በሞላበት ዘመን ከባልጩትና ከመሰል ድንጋይ መፋቂያ እየሠሩ፣ እንጨት እጀታ ላይ እየተከሉ ሲጠቀሙ ተመራማሪዎች አግኝተዋቸዋል። የጥንቱን የድንጋይ መሣሪያ ወንድ ብቻ ነው የሠራው ይባል የነበረውን አስተያየት ያናወጠው አንዱ ማስረጃ የእነሱ እጅ ነው። ከዓለም ዙሪያ ምሁር እየተጓዘ ከእነሱ ሊማር ይሄዳል። በገዛ ሰፈራቸው ግን የቆዳ ፋቂ ክብሩ ዝቅ ያለ ነው።

1977 ዓ.ም. ሲመጣ የወንዝ ማዶው መንደር መሳሳት ጀመረ። በሌሊት እየወጡ በእግር ወደ ሱዳን ነው የሄዱት። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሞተዋል፤ የቀረው በአውሮፕላን እስራኤል ገባ። በግንቦት 1983 ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡት ከአዲስ አበባ ተወሰዱ። የእኛው ቀጥቃጭ የሄደው በመጀመሪያው ነው። መድረሱን አላውቅም። በዚያ ክረምት ማረሻ የሚያሾል ጠፍቶ አያቴ እስከ ጎንደር ተጓዙ። ካራውም ዶለዶመ። ያን ጊዜ ነው አያቴ «ያ ሰውዬ እኮ...» ብለው ዝም ሲሉ የሰማሁት። ስሙን አልጠሩትም። ቤታችን ውስጥ «ቀጥቃጩ» እንጂ ሌላ ስም አልነበረውም።

«ምናልባት እማዬ ታውቀው ይሆናል» አለ ልጁ፤ ወዲያው ቨርጂኒያ ደወለ። አክስቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። የሚስቱን ስም አስታወሰች፤ ጀበናና ምጣድ ይዛ ትመጣ ነበር። ወናፉን የሚነፋውን ልጅ ስምም አስታወሰች፤ እኩያዋ ነበር። የሰውዬውን ግን አጣችው።

«ቆይ እስቲ፣ ምን ነበር...» አለች። «አባታችን ሁልጊዜ 'አንተ' እያሉ ነበር የሚጠሩት።»

ልጁ ካራውን ቨርጂኒያ ልውሰደው ብሎ ለመነኝ፤ ከለከልኩት። መልሼ በጆንያው ጠቀለልኩትና ሰቀልኩት። የሰጠኝን ቢላዋ ወጥ ቤት አስቀምጬዋለሁ። ሽንኩርት ላይ ጎበዝ ነው።