በሩፔል መጽሐፍ የገባች እንግዳ፦ የምፅዋ የቤት እንሽላሊትና የባንያኖች የባሕር መንገድ

ከቤይሩት በስተሰሜን፣ በዛልቃ ፎቆች ግድግዳ ላይ ማታ መብራት ሲበራ ነፍሳት ለማደን የምትወጣው ትንሽ እንሽላሊት ሄሚዳክቲለስ ቱርሲከስ ትባላለች። ሊኔየስ በ1758 ስሟን ሲያወጣ አገሯን «በምሥራቅ» ከማለት አላለፈም (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሞራቬክና ባልደረቦቹ በ2011 በሌቫንት ያለው ወገኗ በዘረመል ምን ያህል የተለያየ እንደሆነ አሳይተዋል፤ ፍሎሪዳ መድረሷን ደግሞ ፋውለር በ1915 መዝግቧል። ከወደብ ተነስታ ወደ ወደብ የሄደች መሆኗ የታወቀ ነውና በእሷ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ሙግቴ በዘመዷ በሄሚዳክቲለስ ፍላቪቪሪዲስ ላይ ነው። ይህችን ለሳይንስ ያስተዋወቃት የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን ናሙናዋ የተገኘው በምፅዋ ነው። ስሟ የወጣው ከ1835 እስከ 1840 በየክፍሉ በታተመውና ስለ አቢሲኒያ አዳዲስ ባለአከርካሪ እንስሳት በሚያትተው መጽሐፉ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ዋልያና ጭላዳም ሳይንሳዊ ስማቸውን አግኝተዋል። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ውጭ አገር የለውም፤ ጭላዳም የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ነው። ሩፔል ከሁለቱ ጎን የወደብ እንሽላሊት አሰልፎ ሦስቱንም የአቢሲኒያ እንስሳት አላቸው። ርዕሱ ለዋልያና ለጭላዳ ልክ ነው፤ ለእንሽላሊቷ ግን አይሆንም። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ምፅዋን እንደ መነሻ ቦታ እየጠቀሰ ሲያልፍ፣ ናሙና የተያዘበት ቦታና የትውልድ አገር በአንባቢ አእምሮ አንድ ሆነው ቀርተዋል።

የስሙ ታሪክ ይህን ብዥታ አባባሰው። ዱሜሪልና ቢብሮን በ1836 ይህችኑ ዝርያ ከህንድ በመጡ ናሙናዎች ሄሚዳክቲለስ ኮክታይ ብለው ሰየሟት፤ ቡሌንጀርም በ1890 የህንድን ተሳቢ እንስሳት ሲጽፍ የያዘው ይህንኑ ስም ነበር። የቀዳሚነት ሕግ ግን ለሩፔል ፈረደ። ማልኮም ስሚዝ በ1935 ስለ ህንድ እንሽላሊቶች ባሳተመው ቅጽ ላይ የምናገኛት በምፅዋ ስሟ ነው። በሰሜን ህንድ ቤት ሁሉ ግድግዳ ላይ የምትታይ እንስሳ በቀይ ባሕር ደሴት ናሙና ተሰይማ ቀረች። ሕጉ የሚዳኘው ማን ቀድሞ ጻፈ የሚለውን ብቻ ነው፤ ማን ከየት መጣ የሚለውን አይዳኝም።

የዘር ሐረጓ ወዴት እንደሚያመለክት ግልጽ ነው። ካራንዛና አርኖልድ በ2006 ከሞቃታማው እስያ ቡድን ውስጥ መደቧት፤ ባወርና ባልደረቦቹ በ2010 የዚህ ቡድን ታላቅ መስፋፋት በደቡብ እስያ እንደሆነ አረጋገጡ። አካሏንም ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። የዛልቃዋ ቱርሲከስ ጀርባ በተደረደሩ ሻካራ ጉብታዎች የተሞላ ነው፤ የፍላቪቪሪዲስ ጀርባ በደቃቅ ቅንጣቶች የተሸፈነና ለስላሳ፣ ሆዷም ቢጫ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻም የምትታወቀው በይበልጥ በወደብ ከተሞች ሕንፃዎች ላይ ነው።

የእንስሳት ሊቃውንት ሊያነቡት ሲገባ ያላነበቡት ምንጭ ግን የታሪክ ጽሑፍ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1974 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት (ጆርናል ኦፍ ኢትዮፒያን ስተዲስ) ላይ ስለ ባንያኖች፣ ማለትም ስለ ህንድ ነጋዴዎች፣ በምፅዋና በዳህላክ ስለነበራቸው ቦታ አትቷል። ነገሩ የአንድ ሰሞን ንግድ አልነበረም። ጀምስ ብሩስ በ1769 ምፅዋ ሲደርስ ባንያኖች ቀድሞ የከተማዋ ዋና ነጋዴዎች እንደነበሩ፣ በእሱ ጊዜ ግን ስድስት ብቻ ቀርተው በብር አንጥረኝነት እንደሚተዳደሩ ጽፏል። ይህ ምስክርነት ለእኔ ከማንኛውም የቆዳ መለኪያ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የንግዱ ዋና ዘመን ከሩፔል ጉዞ በብዙ እንደሚቀድም ያሳያል። የሸራ መርከቦቹ ጨርቅ ጭነው በወቅቱ ነፋስ ከህንድ ይመጡ ነበር። እንሽላሊቷ በአንድ ጊዜ የምትጥለው ሁለት እንቁላል ነው፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በጣውላ ስንጥቅና በዕቃ መሐል ተሸሽጎ ሳይደርቅ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ስትደርስም የሚጠብቃት ከኮራል ድንጋይ የተሠራ፣ ስንጥቅ የማያጣው የምፅዋ ግድግዳ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በዓለም የመጀመሪያው አይደለም። ሄሚዳክቲለስ ማቡያን ሞሮ ደ ዦኔ በ1818 የሰየማት ከአንቲልስ ደሴቶች ነው፤ ትውልዷ ግን አፍሪካ ነው። አጋርዋልና ባልደረቦቹ በ2021 እንዳሳዩት ከብዙ የአፍሪካ ዘመዶቿ መካከል ውቅያኖስ ተሻግራ የተስፋፋችው አንዷ ዘር ብቻ ናት፤ ጉዞዋንም ከባሪያ ንግድ መርከቦች ጋር አያይዘውታል። እዚያ የመርከብ ታሪክ ማስረጃ ከሆነ፣ በምፅዋ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

በዓረብ ምድር ዳርቻ በራሷ ተጉዛ ሊሆን ይችላል የሚል አይጠፋም። ይህ መላምት በዓረብ በኩል ጥቂት ቢያስኬድም፣ ቀይ ባሕርን ያለ መርከብ መሻገሯን አያስረዳም። ባንያኖቹ ስድስት ብቻ ቀርተው ነበር የሚለውም ክርክር ውኃ አይቋጥርም፤ ነጋዴው ሲሄድ እንሽላሊቷ አብራ አትሄድም። ከምፅዋ፣ ከሙስካትና ከቦምቤይ የተወሰዱ ናሙናዎች ዘረመል ጎን ለጎን ተነጻጽሮ የመጨረሻውን ቃል እስኪሰጥ ድረስ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ አልክድም። እስከዚያው ድረስ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተሳቢ እንስሳት ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሁሉ ፍላቪቪሪዲስን ከመጤዎቹ ተርታ ይመድባት፤ ከሩፔል ስም ጎን የፓንክረስትን ጽሑፍ ይጥቀስ።