ንዳድ ያልነበረው ትኩሳት

ፎገራ ላይ ትኩሳት ሁሉ ንዳድ ይባል ነበር። ሕዝቡ ምክንያት ነበረው። ርብና ጉማራ ክረምት ከክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቃሉ፤ ውኃው ወደ ጣና ሲሸሽ የሚተወው ኩሬ ለወባ ትንኝ የተመቸ ነው። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 መባቻ በአገሪቱ የተነሳው ወባ 150 ሺህ ያህል ሰው ሲፈጅ፣ ጎረቤታችን ደምቢያ ክፉኛ ተመትቷል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ አገር፣ ሰው ሲያተኩሰው ሌላ ስም አይፈልግለትም።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ያደግሁት ወረታ አጠገብ ነው። የፎገራን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ሩዙንና የፎገራን ላም ያነሳሉ። እኔ ግን ሰሊጡም ይነሳ እላለሁ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ጎልማሶቻችን ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። እዚያ ካላዛር የተባለው በሽታ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከዋልካው ንቃቃትና ከግራሩ ሥር ትኖራለች፤ የምትነክሰውም ሌሊት፣ ሠራተኛው ሜዳ ላይ ሲተኛ ነው።

አጎቴ በ1997 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከሁመራ ታሞ ተመለሰ። የንዳድ መድኃኒት ተሰጠው፤ ተደገመለት፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀውም። ሰውነቱ እያለቀ ሆዱ በግራ በኩል ተነፋ። ከዚያ አፍንጫው መድማት ጀመረ። እናቴ፣ «ወንድሜን የያዘው ንዳድ አይደለም፤ ንዳድ መች እንዲህ ያነስራል?» አለች። ልክ ነበረች። ካላዛር ጣፊያን ያሳብጣል፣ መቅኔን ያዳክማል፤ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ያልቃል። ነጭ የደም ሕዋሳትም ስለሚቀንሱ ሌላ ጀርም ደም ውስጥ ገብቶ ሴፕሲስ ያስከትላል፤ ያኔ ፕሌትሌቱ ይብስ ይወርዳል።

በዚያው ዓመት ግንቦት በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው የሚጨርሰው፣ መድኃኒት የተላመደ ወባ የተባለው በሽታ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ቆላ ወርደው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናትም ታመው ነበር። በኋላ የተደረገ ጥናት፣ ሌሊት ደጅ፣ ግራር ሥር የሚያድሩት ይበልጥ እንደሚያዙ አሳየ። ከብት ጠባቂ ልጆቻችን የሚያድሩት ደግሞ እዚያው ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሕክምና ጀመሩ። አጎቴ 30 ቀን በየቀኑ ተወግቶ ዳነ። ዛሬ ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ በ17 ቀን ያልቃል።

በሥራዬ ፕሌትሌትን የምፈራው ለዚህ ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ አለው፤ ከ40 ሺህ በታች ከሆነ ጣፊያን በመርፌ ወግቶ ናሙና መውሰድ አይፈቀድም፣ ሰውዬው ውስጥ ውስጡን ደምቶ ሊሞት ይችላልና። የደም ዓይነትም እዚህ ላይ ይገባል። ኦ ደም ያላቸው ሰዎች፣ ፕሌትሌትን ከተጎዳ የደም ሥር ጋር የሚያጣብቀው ፎን ዊለብራንድ የተባለ ፕሮቲን ከሌሎቹ በሩብ ያህል ያንሳቸዋል። ተመራማሪዎች በሴፕሲስ የተያዘን ሰው የደም ዓይነት ከፕሌትሌቱ ጋር አያይዘው የሚመለከቱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በእኛ አገር ግን ከዚያ የሚቀድም ነገር አለ፤ የካላዛር ሕመምተኛ የደም ዓይነት ገና በገባበት ቀን ካርዱ ላይ ይጻፍ። ነስሩ እኩለ ሌሊት ሲነሳ፣ ዘመድ አሰልፎ ደም እስኪመረመር የሚጠብቅ ጊዜ የለም።