«በእናንተ ነው በእኛ?»

እስቲ ጠጋ በሉና አንድ የቀጠሮ ወግ ልንገራችሁ። ባለታሪኩ ስም የለውም፤ አጋሮም ሂዱ ሊሙ ገነት እሱን የሚመስል አታጡም። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት የተማረ፣ የገበሬዎች ማኅበር ቡና ላይ የሚሠራ ልጅ ነው እንበል። ቦታው አጋሮ፣ ወሩ ኅዳር ነው፤ ቡናው ቀልቷል። አንድ የውጭ ገዥ ቡና ሊቀምስ መጥቶ ጅማ አድሮ ይደውላል።

«ካን ዊ ሚት ቱሞሮው አት ትሪ?»

«የስ፣ ኖ ፕሮብሌም!»

ምን ይወጣለታል? በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቡናው ተቆልቶና ተፈጭቶ ስኒዎቹ ተደርድረዋል፣ ውሃውም ፈልቷል። ቅምሻ እንደሆነ ትዕግሥት የለውም። የፈላው ውሃ ዱቄቱ ላይ ከፈሰሰ በኋላ 4 ደቂቃ ያህል ይጠበቅና ከላይ የጋገረው በማንኪያ ይሰበራል፤ ቀማሽ አፍንጫውን ስኒው ውስጥ ሊከት ምንም የማይቀረው ያኔ ነው። ውሃው ቀዘቀዘ፣ እንደገና ተጣደ፣ ደግሞ ቀዘቀዘ። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢያዘግም እንኳ ይህን ያህል አይቆይም ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን መኪናዋ ከች! ፈረንጁ ፈገግ ብሎ ሰዓቱን ያያል፤ አንድ ደቂቃ አላሳለፈማ። እንደ እውነቱ ከሆነ ልጁም አላሳለፈም።

እነሱ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ፣ እኛ ከንጋት። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት እምብዛም አይዛነፍም፤ ስለዚህ ንጋትን አንድ ብሎ መጀመር እዚህ ያስኬዳል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በአማርኛ ስንቀጥር «ከጠዋቱ»ን ወይም «ከቀኑ»ን ሳናስቀድም ሰዓት እምብዛም አንጠራም፤ እንግሊዝኛ ስንናገር ግን ቁጥሩን ብቻ ወርውረን ስልኩን እንዘጋለን። «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብትባል ኖሮ ያ ሁሉ ውሃ ባልፈላ!

ቀኑም ቢሆን ያው ነው። ፈረንጅ «ዘ ናይንዝ» ቢላችሁ የኅዳር 9 ነው የኖቬምበር? ኅዳር 9 ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 18 ላይ ይውላል። ሐሙስ ግን በማንም አቆጣጠር ሐሙስ ነው፤ ጅማም ይህን ከጥንት ታውቃለች። በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ዘመን የታወቀው የሂርማታ ገበያ በየሐሙሱ ነበር። ከዚያ ዘመን በኋላ ጅማን ያጠናው አሜሪካዊ ኸርበርት ሉዊስ በበጋ ገበያው ሲደምቅ እስከ 30,000 ሰው ይሰበሰብበታል ብሎ ጽፏል። ያ ሁሉ ሕዝብ «ሐሙስ እንገናኝ» ተባብሎ ይገናኝ ነበር፤ ደውሎ ያረጋገጠ ያለ አይመስለኝም።

እንግሊዝኛውስ ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1952 ሲከፈት (በፈረንጆች ነው የምላችሁ!) መምህራኑ የመጡት ከኦክላሆማ ነበር። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ የሆነው እሱ ነው። በእነዚያ መምህራንና በተማሪዎቻቸው መካከል ስንት ቀጠሮ ስድስት ሰዓት ተሳስቶ ይሆን? ያን የሚተርክልኝ ባገኝ ቡናውን እኔ አፈላ ነበር።

ወደ ልጃችን እንመለስ። በሳምንቱ ያው ገዥ እንደገና ደወለ። ልጁ አሁን ነቅቷል፤ ቀጠሮውን በሰዓት ብቻ ሳይሆን በሶላትም አሰረው።

«ቱዝዴይ አፍተርኑን፣ ትሪ ፈረንጅ ታይም፣ ናይን ሀበሻ ታይም፣ ቢፎር አስር ፕሬየር። ኢንሻአላህ!»

ገዥው የመጨረሻዋ ቃል አላማረችውም። ሌላ አገር እሷን ሰምቶ ሳይመጡ የቀሩበት ሳይኖሩ አይቀሩም።

«ሶ፣ ኢዝ ዛት ኤ የስ?»

«የስ፣ የስ» አለ ልጁ፣ «ኢንሻአላህ!»