«አወፋሪ ከባቢ» ስለሚባለው አዲስ ቃል

በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የኒው ዚላንዱ ሐኪም ቦይድ ስዊንበርንና የአውስትራሊያው ሊቅ ጋሪ ኤገር የውፍረትን ምክንያት ሲመረምሩ፥ ከሕመምተኛው ይልቅ ሕመምተኛው የሚኖርበትን ስፍራ መመርመር እንደሚገባ ተረድተው «ኦቢሶጀኒክ» የሚለውን ቃል ለሕክምና ሊቃውንት አስተዋወቁ፤ እኛም ሰውን ሳያስበው እንዲወፍር የሚያደርገውን ኑሮ ሁሉ፥ ገበያውን፣ መንገዱንና የሥራውን ጠባይ ጭምር፥ «አወፋሪ ከባቢ» ብንለው የሚስማማ ይመስለኛል።

ውፍረትን ለመለካት ሐኪሞች የአንድን ሰው ክብደት በኪሎ ወስደው፥ ቁመቱ በሜትር ተለክቶ በራሱ ሲባዛ ለሚገኘው ቁጥር ያካፍሉትና፥ ለዐዋቂ ሰው 25 ሲሞላ ከመጠን ያለፈ ክብደት፥ 30 ሲሞላ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይሉታል።

«አወፋሪ ከባቢ» የሚለውን ቃል ትርጉም የሚያስረዳ ምሳሌ ከወገኖቻችን ዘንድ አለ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን፥ አብዛኞቹ እህልና ጥራጥሬ እየተመገቡ፥ ዳገቱን በእግራቸው እየወጡ፥ ውኃና እንጨት እየተሸከሙ ያደጉ ቀጫጭን ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በአገራቸው ሳሉ የስኳር በሽታ እምብዛም ያልነካቸው እነዚህ ሰዎች፥ ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ አውቶቡስና ብዙ የማያንቀሳቅስ ኑሮ ከገጠማቸው በኋላ፥ ዓመታቱ በረዘሙ ቁጥር ክብደታቸው እየጨመረ፥ የስኳር በሽታውም እየበዛባቸው መሄዱን የአገሩ ሐኪሞች መዝግበዋል። ታዲያ ያ ትጉህ ሕዝብ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሆዳምና ሰነፍ ሆነ የሚል ማን ነው?

ይሁን እንጂ ያው ከባቢ ሁሉን እኩል አያወፍርም፤ ከወላጅ የሚወረሰው ተፈጥሮ አንዱን ወደ ውፍረት ሲያዘነብል ሌላውን ይተወዋልና። ጄፍሪ ፍሪድማን በ1994 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ያገኘው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን፥ ከሰውነት ስብ እየመነጨ የስንቁን መጠን ለአንጎል የሚያስታውቅ መልእክተኛ ነው፤ በጣም ጥቂት ሕፃናት ያለ እርሱ ይወለዳሉ፥ ረኃባቸውም መቆሚያ የለውም። ጤናማ ሰውም በብርቱ ድካም ክብደቱን ሲቀንስ ሌፕቲኑ አብሮ ስለሚቀንስ፥ አንጎሉ ራብ እንደ ገባ ቆጥሮ የምግብ ፍላጎቱን ያበረታበታል፤ ስለዚህ የቀነሰው ክብደት የተመለሰበትን ሰው «ሆዱን መግዛት አቃተው» ብሎ መንቀፍ በእኔ አስተያየት ግፍ ነው። እንቅልፍ ማጣትም፥ ለብዙ ጊዜ የሚዋጡ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችም ሰውነትን ያወፍራሉና፥ ሐኪሙ ስለ ምግቡ ከመጠየቁ አስቀድሞ ስለ እነዚህ ሊጠይቅ ይገባዋል።